ወንድሜና የሙዚየሙ አጥር

ሰኞ፣ መጋቢት 4
አሥራ አንድ ጎብኚ። ትኬት ቆረጥኩ፣ የመስታወት ሣጥኖቹን ወለወልኩ። ብርዱ ለቀቅ አድርጓል። የግቢው ኮክ አበባ ጀምሯል... ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ። ኃላፊው፣ "የጓሮው አጥር ሳይናድብን ግንበኛ ቀጥሬያለሁ፤ ነገ ይጀምራል" አለ። ይጀምር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5
ግንበኛው ወንድሜ ነው።
ኃላፊው አያውቅም። ምን ብዬ ልንገረው? እማዬ ከተቀበረች ስድስት ዓመት። ቀብሯ ላይ ከቀረ ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ መሣሪያውን ተሸክሞ በትኬት መስኮቴ በኩል አለፈ። አየኝ። አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሸብቷል።

ዓርብ፣ መጋቢት 15
የምናወራው በአትክልተኛዋ በኩል ነው። "ውሃ ከየት ልቅዳ ይልሻል።" "ከጓሮ በይው።" ዛሬ መሃል ቆማ፣ "ምላሴን በወር ነው በቀን የተከራያችሁት?" አለች። ሳቄን ዋጥኩት።
አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሦስት እንቁላል። እሱ ያችን ቦታ ሳይነካ አልፎ ወዲያኛውን ጀመረ። ለወፍ ይራራል። ለእናቱ ግን... ተይው።

እሁድ፣ መጋቢት 24
የሰፈሩ ሰው ለአጥሩ ሥራ ተጠርቶ መጣ። ልብስ ሰፊው ከነሚስቱ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ የማዶዎቹ ሁሉ። ስንቱ ጎረቤት ዛሬ ገና ግቢውን ረገጠ! ተሰልፈን የወደቀውን ድንጋይ መቀባበል ያዝን። አስተማሪዋ "ወገቤን!" ስትል ቦታዋን ያዝኩላት። ቀና ብል ከጎኔ እሱ። ማምለጫ የለም፤ ድንጋዩ እየመጣ ነው።
"እንካ" አልኩት። ከስድስት ዓመት በኋላ... እንካ!
"ጣትሽን እንዳይመታሽ።"
ለእረፍት ቧንቧው ጋ ተቀመጥን። ሳያየኝ፣ "የቀብሯ ዕለት መጥቼ ነበር" አለ።
"የት? አላየሁህም።"
"ከመቃብሩ በር አላለፍኩም። ታማ ስትጠራኝ ያልመጣሁት ሰውዬ፣ በየትኛው ዓይኔ?"
"ብቻዬን ነበርኩ እኮ።"
"አውቃለሁ።"
ይቅርታ አላለም። ይቅር አላልኩም። ልብስ ሰፊው "ድንጋይ!" ብሎ ጮኸ፤ ተነሣን።

ረቡዕ፣ መጋቢት 27
ጠዋት "እንዴት አደርሽ" አለኝ። "ደህና" አልኩ። በቃ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5
ሥራው አለቀ። ሊወጣ ሲል መስኮቱ ላይ ቆመ።
"እሁድ ቤት ነሽ?"
"ወዴት እሄዳለሁ?"
"ሚስቴንና ልጆቹን ላምጣቸው? ትልቁን ታውቂዋለሽ። ትንሿን ግን... በእማዬ ስም ነው ያወጣንላት።"
ትኬት የምትገዛ ሴትዮ ከኋላው ቆማ ነበር። መልስ ስንት እንደሰጠኋት እንጃ።
ቤቴ ያለው ወንበር ሁለት ነው። ከአትክልተኛዋ ሦስት ተዋስኩ።