ቀጭኑ ድምፅ

ውዴ መርክነህ፣

ካኮ ገበያ ላይ ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። እስካለፈው ወር ድረስ ልጽፍልህ የማስበው ስለ ቤታችን ነበር። ጣሪያው ተጠግኗል። እናትህ ከሶዶ መጥተው አብረውኝ ከርመዋል። የስፌት መኪናዬንም ወደ መጠገኛ ክፍልህ አስገብቻለሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ነው የምነግርህ።

ያን ቀን የጠገንከውን ሬዲዮ ልታደርስ ሄደህ፣ ገበያው ዳር ጎንበስ ብለህ ካርቶን ስታስር፣ እህል የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ገጨህ። ወፍጮው ይጮህ ስለነበር የሞተሩ ድምፅ አይለይም። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ በፊሽካ ሰው የሚያስጠነቅቁት የገበያው ዘበኛ አቶ ጋልሻ፣ የአሪ ብሔረሰብ ሽማግሌ፣ "ሁለቴ ፊሽካ ነፍቻለሁ" አሉ። ሰምተናል ያሉም ነበሩ፤ ለአገራቸው ሰው አድልተው ነው ብዬ አልተቀበልኳቸውም። አስከሬንህ አጠገብ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ቢነፉማ ይሰማ ነበር፤ የባሌ እንጀራ ጆሮው ነው" አልኳቸው። ለፖሊስም ይህንኑ ምዬ ተናገርኩ፤ በዚህ ቃሌ ታሰሩ።

ባለፈው ወር ለቀበሌው አዳራሽ ጀምረህ የተውከውን የስፒከር ሳጥን ልጨርስ ተነሣሁ። ሥራውን ካንተ አይቼ አውቀዋለሁ። ትልቁ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ፣ ትንሹ ቀጭኑን እንዲያወጣ መካከል ላይ የሚከፍልላቸው ዕቃ አለ፤ የመዳብ ሽቦው ጥቅል ቀጭኑን ከትልቁ ያግዳል፣ ኮንደንሰሩ ወፍራሙን ከትንሹ። ስንት ዙር እንደሚጠቀለል አንተ ታሰላለህ፣ እኔ እጠቀልላለሁ። በመኪና ባትሪ ስንሞክረው ፊት ለፊትህ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና፣ የትንሹን ድምፅ የሚቀንሰውን ሬዚስተር እየቀያየርክ፣ ዓይንህን ከፊቴ አትነቅልም። ስለምትወደኝ ይመስለኝ ነበር። አፍሬ ስስቅ፣ "አትሳቂ፣ ሥራ ላይ ነን" ትለኛለህ።

የዙሩን ቁጥር ፍለጋ ደብተርህን ገለጥኩ። ከስሌቱ ሥር በእርሳስ ጽፈሃል፦ "የትንሹ ስፒከር ድምፅ አይሰማኝም። አልማዝ ፊቷን ስታጨማድድ በዝቷል። ግንባሯ ሲፈታ ልክ ነው።" በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ፦ "ኳስ ሜዳ የዳኛውን ፊሽካም ዘንድሮ አልሰማሁትም። አልማዝ እንዳታውቅ።"

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም። ቀጭን ድምፅ የማይሰማ ሰው ሬዲዮ ይጠግናል ብሎ ማን ያምናል ብለህ ይሆናል። እኔ ግን ያላየሁትን ምያለሁ፤ በእኔ መሐላ አንድ ሽማግሌ ታስረዋል።

በማግስቱ ደብተሩን ለፖሊስ መርማሪው ወሰድኩ። ሁለቴ አነበበና፣ "የባልሽ ስም በክፉ ይነሣል፤ አስበሽበታል?" አለኝ።

"ጓድ፣ ሰውዬውን ፍቱልኝ" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ለቀቋቸው። የእስር ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። ቀስ ብለው፣ "እኔም ተጠራጥሬ ነበር ልጄ" አሉኝ። "ስድስት ወር ሙሉ፣ ምናልባት አልነፋሁ ይሆን እያልኩ።"

መርክነህ፣ የሞትህን መርዶ ስሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ንጹሕ ሰው የገዛ ራሱን እንዳያምን አድርጌአለሁ። ወደ ካኮ እስከሚሳፈሩበት መኪና ድረስ አብሬአቸው ሄድኩ።

ሳጥኑን ጨርሼ አስረክቤአለሁ። ልክ የሆነውን በራሴ ጆሮ ለየሁ፤ ፊቴን የሚያይ ሰው አልነበረም።

አሁንም ተቆጥቼብሃለሁ። ናፍቀኸኛልም። ስላንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ፤ ጆሮው ደክሞ ነበር፣ ፈርቶ ደበቀን፣ የሠራው ድምፅ ግን ያምር ነበር እላለሁ። ከፍርሃትህ ጋር፣ እንዳለህ፣ በሕይወት እስካለሁ አስብሃለሁ።

ያንተዋ አልማዝ
ጂንካ