ወንድሜን ስለሸፈነው የሐምበርገር ማስታወቂያ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዩቫል፣ በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ለሚገኘው የ«በርሜል» መጠጥ ቤት (ፓብ) ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንደምን አለ? ፓብዎስ? እኛ ማክሰኞ ማታ እርስዎ ዘንድ የበላነው ከሆዳችን ከወረደ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

በአማርኛ የጻፍኩልዎ ለክብርዎ ስል ነው። በዕብራይስጥ ቢሆን፣ «እርስዎ» የሚባል ስለሌለ፣ «አንተ» ልልዎ ግድ ነበር፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ የት ላይ እንደምቆም እርግጠኛ አይደለሁም። ማንበብ ካስቸገረዎ ወጥ ቤትዎ ውስጥ ሳህን ከሚያጥቡት እናቶቻችን አንዷ ታነብልዎታለች።

እኔ ድቪር እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የኤልሞግ ታናሽ ወንድም ነኝ። ኤልሞግ ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቹ ጋር እየመጣ ከቢራው ፍሪጅ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ደንበኛዎ ነው። አምና በውትድርና ላይ ሳለ ሲሞት እርስዎ ራስዎ ለቅሶ ደርሰው፣ ፎቶው ያለበትን ስቲከር ከአባቴ ተቀብለው፣ «ፍሪጁ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቦታው ሁልጊዜም የሱ ነው» ብለውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከመቃብሩ በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። ማክሰኞ ግን በድንገት ነጠላዋን ለብሳ «ልጄ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አሳዩኝ» አለች። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. ጥበቃዎ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ አስይዘን እንደሆነ ስለጠየቀን አመሰግናለሁ። ከኋላችን የመጡትን ሳይጠይቅ ማስገባቱን ሳይ፣ ሰውየው በእኛ ብቻ ደክሞ እንደነበር ገብቶኛል።

2. አስተናጋጅዋ ሳንጠይቃት «ለእናንተ የሚያቃጥል ጨምሬበታለሁ» ብላ ሐምበርገሩን በቃሪያ ስለሸፈነችልን አመሰግናለሁ። እናቴ ጨጓራዋን ስለሚያማት ቃሪያ ከተወች ቆይታለች። ደግነቱ፣ ሥጋው መሃሉ ገና በረዶ ስለነበረ ማቃጠሉን አብርዶታል።

3. ፍሪጁን አገኘነው፤ ኤልሞግን ግን አላገኘነውም። በቦታው «ሁለት ሐምበርገር በአንድ ዋጋ» የሚል ሰፊ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከጠርዙ የምትታየው የወንድሜ አንድ ጆሮ ብቻ ነበረች። እናቴ ማንበብ አልተማረችም፤ ያችን ጆሮ ግን አወቀቻት። በጥፍሯ ወረቀቱን መላጥ ስትጀምር አስተናጋጅዋ ሮጣ መጥታ «እማ፣ መንካት ክልክል ነው» አለቻት። እናቴም በአማርኛ «ልጄ እኮ ከሥሩ ነው ያለው» አለቻት። ያን ጊዜ እርስዎ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው፣ ወንድሜ፤ ሰዉ ወዶታል» አሉኝ።

እናቴ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለእናቴ የምታነቡላት ጎረቤቶቻችን፣ እባካችሁ ከዚህ በታች ያለውን ዝለሉት። «በጣም ይቅርታ ይላል፤ ወረቀቱን ለተዝካሩ አነሣዋለሁ ይላል» አልኳት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ አመሰገነችዎ። እርስዎ ደግሞ ማስታወቂያውን የወደደችልዎ መስሎዎ አውራ ጣትዎን አነሡላት።

እንግዲህ ሳያውቁት ቃል ገብተዋል። የኤልሞግ የዓመት ተዝካር የፊታችን ሐሙስ ነው። ከመቃብሩ መልስ እናቴ አክስቶቼንና ሽማግሌዎቻችንን አስከትላ ልታመሰግንዎ ትመጣለች። ሲመርቁዎ አንገትዎን ዝቅ አድርገው አሜን ይበሉ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት።

ከልብ በመነጨ አክብሮት፣ ያልተናገሩትን ይቅርታ በስምዎ ያደረሰልዎ ታዛዥዎ፣

ድቪር አይቸው

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት ማስታወቂያው እዚያው ቢቆይም ችግር የለም። እንደ ልማድዎ የመጣልዎን ይናገሩ፤ ያን ቀን ግን በሁሉም ፊት ቃል በቃል ነው የምተረጉመው።