በግልባጩ ስለተገጠመው በራችን

ለዋናው መንገድ ዳር ቤቶች ማሳመሪያ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እርስዎን ከብርድና ከባለጉዳይ ለሚጠብቁት በሮች ሁሉ አላህ ጤና እንዲሰጥ እለምናለሁ። እኔ ጠሃ እንድሪስ እባላለሁ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሐይቅ ወደ አምባሰል በሚወስደው አስፋልት ዳር ከእናቴ ከወይዘሮ ኑርሀያት ጋር እኖራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ሰው የተበሳ ጣሪያውን ደፍኖ ሳይጨርስ ኮሚቴዎ ስለ በሮቻችን መልክ መጨነቁ አስደንቆናልና፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

፩. ደብዳቤዎ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ አሕመዲን እንድሪስ የተጻፈ ሲሆን፣ አባወራ እንደመሆኑ በአካል ቀርቦ ከሦስቱ የፕላስቲክ በሮች አንዱን እንዲመርጥ ያዛል። አባታችን ካረፈ ወዲህ አባወራችን እሱ እንደነበር ስላስታወሱልን እናመሰግናለን። ሆኖም ከተማችን በተያዘችበት ኅዳር ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ በጥይት ስለሞተ፣ ለመቅረብ አልተመቸውም። መሞቱን እናቴ ራሷ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ ተናግራ ነበር፤ ሥራ ስለሚበዛባችሁ አንቀየምም።

፪. የኮሚቴው መልእክተኛ አቶ ኸሚስ የበሮቹን ፎቶ አሳይቶናል። አንደኛው ሙሉ ነጭ ነው፤ ያምራል፤ እናቴ ግን ከፈን መስሏት ፊቷን አዞረች። ሁለተኛው ከወገቡ በላይ መስታወት ነው፤ የመስኮቶቻችን መስታወት ረግፎ እስካሁን በማዳበሪያ ከረጢት የሸፈንናቸው ስለሆነ፣ ለበሩም ትርፍ ከረጢት ቢታሰብልን። ሦስተኛው እንጨት የሚመስል ቡናማ ፕላስቲክ ነው። እንጨት የሚመስል ለመግጠም እንጨቱን መንቀል ለምን እንዳስፈለገ፣ ትምህርቴን ገና ስላልጨረስኩ፣ አልገባኝም።

፫. በራችን በግልባጩ መገጠሙንና መወርወሪያው ወደ ውጭ መሆኑን ኮሚቴው የከተማዋን ገጽታ የሚያበላሽ ብሎታል። እውነት ነው። ወንድሜ የሞተ ዕለት የመስጊዱ ቃሬዛ ለማገዶ ተሰባብሮ ስለነበር እሱን የምንሸከምበት አጣን። በሩን ድሮ የሠራልን አናጢው ጋሼ ጁማ ለቃሬዛ እንዲሆን ነቀለው። ጎረቤታችን እትዬ ጸዳለ ጋቢዋን አለበሰችው፤ ወንዶቹ እስላም ክርስቲያን ሳይባባሉ ተሸከሙት፤ አሕመዲን ረጅም ስለነበር እግሮቹ ከበሩ አልፈው ነበር። ከቀብር መልስ ጋሼ ጁማ ሳያስተውል የውጩን ወደ ውስጥ አድርጎ መልሶ ገጠመው። በማግሥቱ ሊያስተካክል ሲመጣ እናቴ ከለከለችው፤ ልጄ የተኛበት ፊት ወደ እኔ ዞሯልና እንዲሁ ይቅርልኝ አለችው። ከዚያ ወዲህ ከውስጥ መቀርቀር ስለማንችል ማታ ማታ ድንጋይ እናስደግፋለን። እሷም እጇን በሩ ላይ ካላሳረፈች እንቅልፍ አይወስዳትም።

፬. እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀየርን ሠራተኞቻችሁ መጥተው አሮጌውን በር በነጻ እንደሚያነሱልን ገልጻችኋል። ክቡር ሰብሳቢ፣ እዚህ ላይ ምስጋናው አለቀብኝ። ያ በር ዳግመኛ ከቤት ሲወጣ ካየች እናቴ የምትተርፍልኝ አይመስለኝም፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። ቀለም ቅቡት ካላችሁ ውጩን እቀባለሁ። መጋረጃ ጋርዱበት ካላችሁ እጋርዳለሁ። ፕላስቲኩንም ከፊቱ ግጠሙት፣ የፈለጋችሁትን ዓይነት፤ ሁለት በር ይኑረን። ብቻ እሱን አትንቀሉብን።

አስፋልቱ ዳር በየዓመቱ እያማረ እንዲሄድ፣ በዳሩ የምንኖረውንም አልፎ አልፎ እንዲያዩን እየተመኘሁ፣ ድንጋይ ከተደገፈው በር ጀርባ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ
ጠሃ እንድሪስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ሥር ላሾልክ ሞክሬ ነበር፤ አዲሱ የፕላስቲክ በር ከወለሉ ጋር ግጥም ስላለ ወረቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የእኛ በር ግን ሥሩ ክፍት ነውና ለአሕመዲን የጻፉት ደብዳቤ በዚያ ገብቶ እናቴ አነሳችው። ማንበብ አትችልም፤ የልጇን ስም ብቻ ትለያለች። ልጄን እስካሁን በስሙ የሚጠራው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ መሆንዎን ነገርኳት፤ እንዳመሰግንዎ አዘዘችኝ።