በእግራችን ስለምናስኬደው ፕሮግራም ለቁልፉ ያዥ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የወገብዎ ነገር ያሳስበናል፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ከቀበቶዎ ሳያወርዱ ስለተሸከሙት፣ በኮሪደሩ ሲያልፉ ወደ ቀኝ ዘንበል ማለትዎን ያየን ተማሪዎች ሁሉ ጉልበቱን ይስጥልን ብለናል።

እኔ የፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ የምወስድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በክፍሌ የምጠራው ኤክስ ተብዬ ነው። ስሙ እንዴት እንደወጣልኝ ከታች አስረዳለሁ። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎን ለመዝለል አስቤ ሳይሆን፣ በርዎ ላይ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለው ወረቀት ከእኔ ቀድሞ ተለጥፎ ስላገኘሁት መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ከልብ እናመሰግናለን። በመስኮት እናያቸዋለን፤ ፕላስቲካቸው ሳይገለጥ በተርታ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላችንም መስታወቱን በአፍንጫው ያላወዛ የለም። «ቤተ ሙከራው በክብር እንግዶች እስኪመረቅ ድረስ ማንም ተማሪ አይገባም» የሚለው ትእዛዝዎ ዕቃዎቹን ከአቧራም ከትምህርትም ጠብቋቸዋል። ለመግባት የታደሉት የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ብቻ ናቸው። ፕላስቲኩን ወልውለው ሲወጡ እንከባቸውና፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንዳለው ሰው፣ ዛሬስ እንዴት ናቸው ብለን እንጠይቃቸዋለን፤ እሳቸውም «ደኅና ናቸው ልጆቼ፣ ተኝተዋል» እያሉ ያጽናኑናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ለእኛ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር በማጣታችን እኛው ራሳችን ኮምፒውተር የምንሆንበትን ዕድል ስለከፈቱልን እናመሰግናለን። መምህራችን ወጣትና ተስፋ መቁረጥ የማያውቅ ሰው በመሆኑ፣ የክፍሉን ወንበሮች መሀል ላይ ሰብስቦ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳጥኖች ሣለ። እያንዳንዱ ሳጥን ማሽኑ አንድ ቁጥር የሚያኖርበት የማስታወሻው ክፍል ነው፤ በውስጡም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ተማሪ ይቆማል። እኔ የቆምኩበት ሳጥን ኤክስ ስለሚባል ስሙ እኔው ላይ ቀረ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፋቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ ሲያነብ እኛ ያለ ጥያቄ እንፈጽማለን፤ ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ እንጂ የመሰለውን አያደርግም ተብለናልና።

ከሁላችን ረጅሙ ልጅ «ዙር» ይባላል፤ ሥራው ቁም የሚያሰኘው ሁኔታ እስኪሟላ ድረስ ወንበሮቹን መዞር ነው። አንድ ቀን መምህራችን የኤክስ ቁጥር አምስት እስኪሆን ዙር ብሎ አዘዘው፤ ኤክስ ላይ አንድ ጨምር የሚለውን መስመር ግን ሳይጽፍ ቢሮዎ ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠራው። እኔ ሳልታዘዝ አልጨምርም፣ ዙር ሳይታዘዝ አይቆምም። መምህራችን ሲመለስ ምስኪኑ ልጅ ወንበር ለወንበር እየተደገፈ አሁንም ይዞር ነበር። የስብሰባው አጀንዳ የምርቃቱ ሪባን ቀለም እንደነበረና ጉዳዩ በይደር እንደተያዘ ስንሰማ፣ ድካሙ ለቁም ነገር መሆኑን ተረድተን ተጽናንተናል።

ሦስተኛ፣ የእኔና ዋይ በሚባለው ሳጥን የቆመው ጎረቤቴ ቁጥሮች ሲለዋወጡ አንድ ሰው ከአንድ ወረቀት በላይ መያዝ ስለማይፈቀድለት፣ «ጊዜያዊ» የሚባል ሦስተኛ ሳጥን ያስፈልጋል። ይህ ሹመት ሁልጊዜ ለአርፋጁ ተማሪ ይሰጣል። ባለፈው አርፋጁ ወረቀቴን ተቀብሎኝ፣ እኔም የዋይን ከወሰድኩ በኋላ፣ የያዘውን ለዋይ መስጠቱን ረስቶ ኪሱ ከትቶት ወደ ምሳ ሄደ፤ ዋይም ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ። ይህን ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አራተኛ፣ በዚህ ሳምንት ባወጡት ማስታወቂያ የመጨረሻው ፈተና በምርቃቱ ዕለት፣ በክብር እንግዶቹ ፊት፣ በእነዚያው ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚሰጥና፣ ያላለፈ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ ቦታ በተረፈበት ሌላ ትምህርት ክፍል እንደሚመደብ ገልጸዋል። ከግርጌውም «የተማሪዎች የተግባር ልምምድ ማነስ እጅግ አሳስቦናል» ብለዋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት ባለጌዎች ናቸው፤ እኛ ስላሰቡልን አመስግነናል።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ትንሽ ልተወው፤ ፈርቻለሁ። ኪቦርድ ነክተን የማናውቅ ብዙ ነን፣ እኔም አንዷ ነኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ዛሬስ ኮምፒውተሩን ምን አዘዝሽው?» ትለኛለች፤ ደምር አልኩት፣ ደመረ እላታለሁ። የደመረው አጠገቤ የቆመ ልጅ መሆኑን ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። ሳጥኔ ውስጥ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ፣ ትእዛዙ ተፈጽሞ መልሱ ልክ ሲመጣ፣ ደስታዬ ወደር የለውም። አልቻልሽም ተብዬ ብነሣ እችለዋለሁ፤ በር ስለተቆለፈብኝ ብነሣ ግን ለእናቴ የምነግራት ቃል የለኝም።

ስለዚህ እስከ ፈተናው ድረስ ከሰዓት በኋላ እንኳ በሩ እንዲከፈትልን በትሕትና እንለምናለን። የተማርነው ማሽን ማዘዝ እንጂ አለቃ ማዘዝ ስላልሆነ፣ የሚከተሉትን መስመሮች እንደ ልመና ይቁጠሩልን፦ ቁልፉን ከቀበቶ መፍታት፤ በሩን መክፈት፤ ዞር ማለት። መምህራችን አይቶት ስሕተት የለበትም ብሏል።

ይህ የማይመች ከሆነም አይጨነቁ። በምርቃቱ ዕለት በኮምፒውተሮቹ መካከል በጠመኔ ሳጥኖቻችንን ሥለን፣ የፈተናውን ፕሮግራም እንደለመድነው በእግራችን እናስኬደዋለን። ፕላስቲኩ አይነካም። ዙርም ከወዲሁ ምቹ ጫማ ተውሷል።

ቁጥሬ ላይ አንድ የሚጨምር ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ በሳጥኔ ውስጥ ቀጥ ብዬ የምጠባበቅ፣ ወገብዎ ቀለል እንዲለው ዘወትር የምመኝ ታዛዥዎ፣

ኤክስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አርፋጁ ልጅ በምርቃቱም ዕለት እንደሚያረፍድ ስላስታወቀን፣ «ጊዜያዊ» የተባለው ሳጥን በክብር ለእርስዎ ተይዟል። ሥራው ቀላል ነው፤ የሌላ ሰው የሆነውን ለአፍታ ይዞ መልሶ ማስረከብ ብቻ ነው። ሆኖም ያለ ልምምድ ሰው ፊት መቅረብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እኛ እናውቀዋለንና፣ ከዛሬ ጀምረው በቁልፉ ቢለማመዱ መልካም ነው።