ከሰማይ ስለታየው ንክሻዬ የቀረበ ምስጋናና አቤቱታ

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከወይራ ጉብታ ቀበሌ
ግንቦት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ከሰማይ ፎቶ የተነሣ የመጀመሪያው ገበሬ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ባልሆን እንኳ ከፎቶው ሥር ስሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈለት እኔ ብቻ ነኝ። እሱም ቢቀር፣ የተጻፈለትን በገዛ ዓይኑ ያነበበ ከእኔ ሌላ የለም፤ አነባበቤ ምን ይመስል እንደነበር ወደ ታች ስንወርድ ስለማስረዳ እስከዚያው ድረስ በክብሬ ያቆዩኝ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን ወንበሩ፣ ዓይንዎን ሪፖርቱ፣ ጉሮሮዎን ስብሰባው እንዳይጎዳብን ዘወትር እንሳቀቃለን። እኛ ዝናቡ ከመዘግየቱና እርስዎን ከመናፈቃችን በቀር ደኅና ነን።

እኔ ቢሆነኝ ያለው የምባል የበርበሬ ገበሬ ስሆን፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የማታውን የጎልማሶች ትምህርት ከፋሲካ በፊት ጨርሼ ለመንግሥት ደብዳቤ ለመጻፍ የበቃሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አልጣሽ አብራኝ ተምራ ከእኔ በሁለት ወር ቀድማ ማንበብ መቻሏን እዚህ ላይ መጥቀስ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። አቤቱታዬን መምህራችን እንዳዘዙን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ጥር ጽሕፈት ቤትዎ «ለአካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ ማስጨበጫ» በሚል የወይራ ጉብታ ሚካኤልን ደን ከላይ ፎቶ የምታነሣ ሀኒ የምትባል ባለሙያ ከቡሬ ስለላከልን ከልብ እናመሰግናለን። በራሪ ካሜራዋ እንደ ንብ መንጋ እየጮኸች ስትነሣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የነበረው ሕዝብ ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ላይ ፈገግ ሲል፣ እኔ ማንም ስላልነገረኝ ከደኑ ግርጌ ባለው ወንዝ ውስጥ ገላዬን እየታጠብሁ ነበር። የሳሙና አረፋ ጭንቅላቴ ላይ እንደተቆለለ እስከ አንገቴ ጠልቄ፣ ያቺ ነገር በላዬ ሁለት ጊዜ ዞራ እስክትሄድ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ካሜራ ከመላክ አስቀድሞ አንድ ማስታወቂያ መላክ ይቻል ነበር ለማለት ያህል ነው።

፪. በየካቲት ፎቶው እንደ አንሶላ ሰፍቶ ቅዳሜ ገበያ ላይ በቀበሌው ግድግዳ ተሰቀለ። እኔም ሰው ተሰብስቦ ሳይ «እስቲ ዞር በሉ፣ የሚያነብ ሰው መጥቷል!» እያልሁ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ያን ጊዜ ገና ፊደል ጨርሼ ቃል መግጠም የጀመርሁበት ወቅት ነበር። ጣቴን ዘርግቼ፣ እስከ በርበሬ ተራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «የተ... ራ... ቆ... ተው...» አልሁ። ቀጠልሁና «የአቶ... ቢ... ሆ... ነኝ... ያለው...» ስል ወንዙም፣ ሳሙናውም፣ ያቺ የምትጮህ ነገርም ባንድ ጊዜ ትዝ አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በእኔ ቦታ ቢሆኑ የቀረውን ያነቡ ነበር? እኔ አላነበብሁም። ጋቢዬን አውልቄ ፎቶው ላይ ጣል አደረግሁና እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ግድግዳውን ደግፌ ቆምሁ። ከጋቢው ሥር የለበስሁት ሸሚዝ ከጀርባው የተተረተረ መሆኑን ያስታወስሁት ጎረቤታችን እትዬ ንግሥቴ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ የተራቆትኸው አንተው ነህ!» ብለው ገበያውን በሳቅ ሲያፈርሱት ነው። አልጣሽ ሰዉን እየጣሰች መጣች፤ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቷ አንሥታ ያለ ምንም መንተባተብ «የተራቆተው የአቶ ቢሆነኝ ያለው ማሳ አዋሳኝ የደን ጠርዝ» ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችውና፣ «ደኑን ነው የሚለው! አንተን ደግሞ ማን ብሎ ያነሣሃል?» አለችኝ። ይህን የመሰለ አንደበት የሚያስር ዓረፍተ ነገር ያረቀቀውን ባለሙያዎን ያመስግኑልኝ። «የደን» የምትለዋን ቃል ከስሜ በፊት ቢያስቀምጣት ኖሮ እኔ ዛሬም በገበያ ቀና ብዬ እሄድ ነበር።

፫. እፎይታዬ ግን ፎቶውን ቀና ብዬ እስካየው ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ራቁቴን ብታነሡኝ ይሻለኝ ነበር ብያለሁ።

አገሩ ሁሉ የጥር ገለባ መስሎ ደኑ በመካከሉ ክብ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በእኔ ማሳ በኩል ግን ክቡ ተነክሷል። የጥርስ ምልክት ሳይቀር አለው። ከመሬት ሆኖ የሚያየው ሰው ዛፍ እንጂ ክብ አያይም፤ እኔም የተማመንሁት ይህንኑ ነበር። በየዓመቱ በሬዎቼን ማሳው ጫፍ ላይ ሳዞር አንዲት ትልም ብቻ ወደ ውስጥ ገባ እላለሁ፤ አንዲት ትልም ማን ያያታል? አንዱን ወይራ «ደርቋል» ብዬ፣ ሌላውን «ጥላው በርበሬዬን አቀጨጨው» ብዬ፣ እንዲህ እንዲህ እያልሁ በሃያ ዓመት አሥራ አንድ እርምጃ ገብቻለሁ። በእግሬ ለክቼዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስጄ ስፎክርበት የኖርሁት ያ ቀይ በርበሬ የበቀለው በእነዚያ እርምጃዎች ላይ ነው።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ዮሐንስ ፎቶውን፣ ቀጥሎም ጽሑፉን፣ ቀጥሎም እኔን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ለካ ‹ቢሆነኝ› ያለው ይህ ሰው ነው!» አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸከምሁት ስም ከአባቴ ስም ጋር ሲነበብ ኑዛዜ መሆኑን እስከዚያች ቀን ድረስ አላወቅሁም ነበር። ሽማግሌዎቹም በዚያው ሳምንት ተሰብስበው፣ መሬቱን ለደኑ መልሼ እስከ ሰኔ ሚካኤል ዛፍ እንድተክልበት፣ ይህን ካላደረግሁ ግን ከሚካኤል ማኅበር እንድሰረዝ ወሰኑብኝ። ሠላሳ ዓመት የጠጣሁበት ማኅበር ነው። ስሜን መጻፍ በተማርሁበት ዓመት ስሜ ሊፋቅ ነው ማለት ነው።

፬. በዚህ የተነሣ የወይራ፣ የዋንዛና የብሳና ችግኝ ፈልጌ የጽሕፈት ቤትዎን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በመጋቢት ስመጣ «ሥራው ገና የግንዛቤ ማስጨበጫ ምዕራፍ ላይ ነው» ተባልሁ። በሚያዝያ ስመጣ እርስዎ ስለ ችግኝ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ስመጣ ደግሞ የችግኝ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ ሥዕሉ በእውነት ያማረ ነው፣ አልጣሽ ከበራችን ላይ ለጥፋዋለች።

በማታው ትምህርት «ጨበጠ» ማለት በእጅ ያዘ ማለት ነው ተብለን ተምረናል። እኔም ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ ግንዛቤ ጨብጬ ተመልሻለሁ፤ እቤት ስደርስ እጄን ብከፍተው ምንም የለበትም። አንድ የወይራ ችግኝ ቢጨምሩልኝ አጨባበጤ ይሻሻል ነበር።

፭. ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያደረግሁትን አንድ ብልኀት ሳልደብቅ ልናገር። ቡሬ ወርጄ፣ ሀኒን ፈልጌ፣ ከቤት የያዝሁትን ምርጥ በርበሬ ፊቷ አስቀምጬ፣ የተነከሰውን ቦታ በኮምፒውተሯ ዛፍ እንድትሞላልኝ ለመንኋት። ልጅቱ እስክታለቅስ ሳቀችና «ጋሼ ቢሆነኝ፣ እኔ እኮ የማነሣው እንጂ የምተክለው የለኝም» አለችኝ። በርበሬውን ግን አልመለሰችም። እንዳላዝን ብላ ይመስለኛል ያልተቆረጠውን ሙሉ ፎቶ ከፍታ አሳየችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለካ በገበያችን የተሰቀለው ፎቶ ግራ ጎኑ የለውም። በግራ በኩል ያለው ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ክረምት አርባ ሺህ ችግኝ ተከልሁ ብሎ ያስጨበጨበበት ኮረብታ ነው። ጉድጓዶቹ በመስመር፣ በመስመር፣ ልክ እንደ ገበጣ ተደርድረው ከሰማይ ያምራሉ፤ የጎደላቸው ጠጠሩ ብቻ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም። ከላይ ሲታይ እኔና እርስዎ ጎረቤታሞች መሆናችንን ሳውቅ ብቸኝነቱ ስለቀለለኝ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ናት። ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ አንድ ወር ከሳምንት ቀርቶታል። የበርበሬ ችግኜ መደቡ ላይ ስንዝር አልፎ መነቀያውን እየጠበቀ ነው፤ ያ መሬት ደግሞ ለስልሶ ባዶውን ተቀምጧል። ዝናብ የጣለ ቀን ባዶ መሬት፣ የደረሰ የበርበሬ ችግኝና እኔ አንድ ላይ ከተገናኘን ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ይህን ሰውዬ ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ የሚታመን አይደለም። ማኅበሬንም ደኑንም ሊያተርፍልኝ የሚችለው ከእኔ በርበሬ ቀድሞ የሚደርስ የእርስዎ ወይራ ብቻ ነው። መኪና ከሌለ አህያ እልካለሁ፤ አህያ ካልተፈቀደ በጀርባዬ እሸከማለሁ፤ ፊርማ ካስፈለገም አሁን በጣት ማተም ትቻለሁ።

ወንበርዎ እንዳይናጋ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ከሰማይ የሚያይዎም ሁልጊዜ በቀኝ ጎንዎ በኩል ብቻ እንዲያይዎ እየተመኘሁ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የደኑ ባለ ዕዳ፣ የእርስዎ ጎረቤት፣
ቢሆነኝ ያለው
(በገዛ እጁ የፈረመ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ አልጣሽ ሳታየው እንዳይወጣ ስለከለከለች ትናንት አነበበችው። ከተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወጣች፤ ከደኑ ጫፍ ጀምራ እየቆጠረች ተራመደችና ተመልሳ ብዕሩን በእጄ አስያዘችኝ። አሥራ አንድ እርምጃ ያልሁት ውሸት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። ስምንቱን ቆርጬ ያስቀረሁት ከእርስዎ ፎቶ አቆራረጥ ተምሬ ነበር። እኔ ስምንቱን ይኸው መልሻለሁ፤ ችግኙን በአሥራ ዘጠኙ ልክ ይላኩልኝ፣ ኮረብታዎንም ወደ ፎቶው ይመልሱልን።