ረቡዕና ዓርብ የሚቀባ ክሬም

እሑድ 6/7፣ ከሥራ በኋላ

ዛሬም ያው የወደቡ በር ጥበቃ ላይ። መታወቂያ አሳይ፣ ሻንጣ ክፈት፣ እለፍ። ፀሐይዋ ከላይም ከአስፋልቱም ትመጣለች። ከፈረቃ ወጥቼ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉንጬ ላይ ያለው ጥቁረት ማዲያት ነው። ዶ/ሩ በዕብራይስጥ ረጅም ስም ሰጠው እንጂ እማዬ ካወቀችው ቆይታለች። መድኃኒቱስ ስለው፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም አለ። በየቀኑ፣ ሁለት ጣት ሙሉ፣ ላብ ሲጠርገው እንደገና። ጥቁር ሰው ፀሐይ አይጎዳውም ተብዬ ነው ያደግሁት።

ስሚ ደብተሬ፣ ጉንጬ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ የእጮኛዬ የአቪ እናት ወ/ሮ ተወበች ቤታችን ይመጣሉ። የቀለበቱን ቀን ሊቆርጡ። ማዲያታም ሙሽራ ሊያዩ!

ማክሰኞ 8/7

የአቪ እህት ሺራ መዋቢያ ሱቅ ትሠራለች። እሷ ዘንድ ሄድኩ። የኮሪያ ክሬም አወጣችልኝ፣ «ቶን አፕ» የሚሉት። ከፀሐይ ይከላከላል፣ ፊትም ያፈካል። ደግሞ ቪጋን ነው፤ ከእንስሳ የመጣ አንዳች ነገር የለበትም። ሥጋ ከተወች ወዲህ ጫማዋም ሳሙናዋም ቪጋን ነው። ፊት የማያፈካው ተራው ይሻለኛል አልኳት። አይሆንም፣ በቀለበቱ ፎቶ ትፈኪያለሽ አለች። እሷም እንደኔው ጥቁር ናት እኮ። ምን ልበላት፣ የባል እህት። ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ወሰድኩ።

ረቡዕ 9/7፣ የምሳ ሰዓት

ተቀባሁ። እንደታዘዝኩት ሁለት ጣት ሙሉ። መታጠቢያ ቤት መብራቱ ደካማ ነው፣ ደህና የሆንኩ መሰለኝ። ባቡር ላይ ስልኬን ገልጬ ራሴን ባይ፣ አመድ! ነጭ እንኳ አይደለም። አንገቴ የኔ ነው፣ ፊቴ የማን እንደሆነ እንጃ። ላቡ ደግሞ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቦይ ሠርቶበታል። የፈረቃ አለቃዬ ታመሻል ወይ ብሎ ውሃ ሰጠኝ። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ እሱ ነው የባሰብኝ። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ሹፌር፣ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ፣ ሳቀብኝ። አመድ በዱቄት ይስቃል ማለት ይህ ነው።

ከፀሐይ አድኑኝ አልኩ እንጂ ከመልኬ አድኑኝ መቼ አልኩ?

ዓርብ 11/7፣ ሰንበት ሳይገባ

እማዬን ሳስጠናት ዋልኩ። አንቺ ታውቂያለሽ ደብተሬ፣ ጎንደር ሳለን ክርስቲያን ነበርን። ከአይሁድነት ወጥተው የተጠመቁት የእማዬ አያት ናቸው። እዚህ መጥተን፣ ተምረን፣ ወደ አይሁድነት ተመለስን። አቪ ያውቃል። እናቱ አያውቁም። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን ይላል። የወ/ሮ ተወበች ወላጆች ስንት መከራ አይተው በሃይማኖታቸው ጸንተዋል፤ እሳቸውም የተጠመቀ ሰው ዘር ለልጃቸው አይመኙም። ስለዚህ እማዬ የድሮውን አታነሺም፣ ስለ ሥራ አውሪ፣ ስለ ሰፈራችን ስለ ክርያት ሐይም ሙቀት አውሪ አልኳት። እሺ ልጄ አለች። እሺታዋ አንጀቴን በላው።

እሑድ 13/7፣ ባቡር ጣቢያ

አለቀልኝ።

ትናንት ማታ መጡ። እናትየው፣ አቪ፣ ሺራ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሳቀ። ቀኑ ሊቆረጥ ነው። ሺራ ከቦርሳዋ ያንኑ ክሬም አወጣች፣ ለእማዬ ስጦታ። በተሰባበረ አማርኛዋ ማስረዳት ያዘች። ከከብት ምንም የለውም፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። እማዬ ስጦታ ትወዳለች። እጇ ላይ ጠብ አድርጋ እያሸች፣

«እሰይ፣ የጾም ነው በይኛ! ረቡዕና ዓርብም ይቀቡታል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሺራ እዚህ ተወልዳ ምን ታውቃለች፣ ለምን ረቡዕ፣ ለምን ዓርብ እያለች ትጠይቃለች። እናትየው ግን ገብቷቸዋል። ጎንደር ያደገ ሰው፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥጋና ከወተት የሚጾመው ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ቁጣ የለ፣ ጩኸት የለ።

«እስቲ እንደ አገራችን ደንብ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር፣ ልጆቹ ዘመድ እንዳይሆኑ። የእርስዎ አያት ማን ይባሉ ነበር?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። አቪም መሬት መሬት አየ። የእማዬ ገባኝ። የእሱ ግን አቃጠለኝ። ቀኑ ሳይቆረጥ ሄዱ።

ማክሰኞ 15/7

አቪ ደወለ። ዘዴ አግኝቷል። የጾሙን ነገር ከክርስቲያን ጎረቤት የለመደችው ነው እንበል አለ። ዘሩን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ይቁጠርልን፣ የክርስቲያን ስሞቹን እየቀያየረ። እማዬ ባትኖር ይሻላል፣ ታማለች እንላለን። ድምፁ ለስላሳ ነው። መሐል ላይ እወድሻለሁም ብሏል። እኔም እወደዋለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

እማዬ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ጥርሷን አመማት በሏቸው አለችኝ። በኔ አፍ የተነሳ ልጄ ቆማ አትቀርም አለች። የሺራን ስጦታ ልብስ ሥር ደብቃዋለች፣ የሰረቀችው ይመስል። አለቀስኩ። ለአቪ አይደለም።

ሐሙስ 17/7፣ ከሥራ መልስ

ፋርማሲ ገብቼ ሌላ ክሬም ገዛሁ። ወደ ቡናማ የሚያደላ። ባለሙያዋ ለማዲያት ይሄ ይሻላል አለች። ቪጋን ይሁን አይሁን አላየሁም። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆምኩ፣ ማንም ታመሻል ወይ አላለኝም።

ለአቪ ጻፍኩለት። ቅዳሜ ማታ እናትህን ይዘህ ና። እማዬ አልታመመችም። ዘሯን ራሷ ትቆጥራለች፣ ማንም ስም አይቀይርላትም። ከወደድከኝ እሷ ስትቆጥር አጠገቧ ትቀመጣለህ። ካልሆነ ቅር። አነበበው። መጻፍ ጀመረ፣ ተወ። ጀመረ፣ ተወ።

ለእማዬም ነገርኳት። አበድሽ ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ትዳርሽን በእጅሽ ልታፈርሺ ነው አለች። ከዚያ ጓዳ ገባች። አሁን ይሰማኛል፣ ሽንኩርት እየላጠች ትለማመዳለች። አባቴ ገብረ መድኅን። አያቴ ወልደ ማርያም። ወልደ ማርያም ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ታጠፋዋለች። ቆይ ደብተሬ፣ ልነሣ። ጮክ ብለሽ በይው ልበላት።