ያልፈረምሁት ሪፖርት

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ደኅና መሆንህን ትናንት በስልክ ስለነገርኸኝ ጤናህን አልጠይቅም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ለትልልቅ ደንበኞችህ የምትልከውን የሳሙና ፋብሪካህን የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ሳልፈርም መልሼ ልኬልሃለሁ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ባለፈው ዓመት «እታለም፣ በማገዶ የሚሠራው ቦይለር ተዘግቷል፤ አሁን በኤሌክትሪክ ነን» ስትለኝ፣ ሄጄ ሳላይ ሪፖርቱ እውነት ነው ብዬ የሰፈር ማኅበራችንን ማኅተም አሳረፍሁበት። ልጅ ሳለህ አንድ ፊደል ብትገድፍ ገጹን በሙሉ እንደገና የማስጽፍህ ሴትዮ ቃልህን ሳልመረምር አሳለፍሁ። ወንድም ነዋ! ይህ ጥፋት የራሴ ነው።

ዘንድሮ ግን የማኅበራችን አባል ልብስ ሰፊዋ፣ ያሰጣችው ነጭ ጨርቅ ሁሉ እየጠቆረ አስቸገራት። ስለዚህ ጥላሸት እንደሚወርድብን ማስረጃ እንዲሆን በየሰኞው በስድስት ቤት ጣሪያ ላይ ነጭ መሐረብ ልንሰቅል፣ በማግስቱ አውርደን ቀኑን ጽፈን በፖስታ ልናስቀምጥ ተስማማን። አስቀማጯ እኔ ሆንሁ። ታውቀኛለህ፤ ቆሻሻ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ከትቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። አጠብኋቸው። ያውም በአንተ ሳሙና።

በስብሰባው ላይ ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ልብስ ሰፊዋ አንዱን መሐረብ አንሥታ ዘረጋችው። «እትዬ፣ ማስረጃውን አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጥፈው… ሽቶ ብቻ ነው የቀረው!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተም በስልክ ስነግርህ፣ «የእኔ ሳሙና እንኳን መሐረብ ሐሜትም ያነጻል» ብለህ ተንከተከትህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ጥላሸቱ ከየት መጣ ብለህ አልጠየቅህም።

በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካህ ሄድሁ። ዘበኛው እህትህ መሆኔን ስለሚያውቅ አላገደኝም። ቦይለሩ ይነድዳል፤ አጠገቡ ግንድ ተከምሯል።

ባለፈው ወር ዝናቡ ወቅቱን ስቶ ሲወርድ፣ ወንዙ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብቶ የስፌት መኪናዋን ጭቃ አልብሶት ሄደ። ያን ጎርፍ ያንተ ቦይለር ብቻውን አመጣው ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የአየር ንብረቱን እዚህ ያደረሱት «የእኔ ጭስ ምን ያህል ነው?» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ማኅበራችን መጮህ ይችላል፤ ዛፍ መትከል ይችላል፤ ቦይለር መቀየር ግን አይችልም። አንተ ትችላለህ። ያለ እኛ ምስክርነት ግን ማን ያምንሃል?

ሦስተኛው ገጽ ላይ «ተዘግቷል» የሚለውን በቀይ ሰርዤ «አልተዘጋም» ብያለሁ። ደንበኞችህ ፊት ራስህ አንብበው፤ የሚዘጋበትንም ቀን ቁረጥላቸው። ይህን ካደረግህ፣ ጊዜ እንዲሰጡህ ማኅበሩ ይጽፍልሃል፤ ደብዳቤውንም የማረቅቀው እኔ ነኝ። ካላደረግህ በሚቀጥለው ሳምንት እኔው እጽፍላቸዋለሁ። አድራሻቸው ሪፖርቱ ላይ አለ።

ጨከነችብኝ እንደምትል አውቃለሁ። እናታችን ስትሞት አንተን ያስረከበችው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ አሳድጌህ አልጨረስሁም።

ታላቅ እህትህ